ተዝካሬ ከተበላ በኋላ

የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ ከልብስ ከገባ በሦስት ውሃ አይለቅም። ጭስም አለበት፣ ሣርም አለበት፣ የሰው ላብ የሚመስል ነገርም አለበት። ሰሞኑን ከልጄ ከየሺ ጋር ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥተን በጠጉር ተራ በኩል ስናልፍ፣ ዝናብ ያገኘው አንድ ክምር ጠጉር ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። የእኔ እግር ደግሞ በዋዛ የሚቆም አይደለም፤ አንኮበር ሳለሁ ጎረቤቶቼ "ዟሪት" ነበር የሚሉኝ፣ ያውም ፊት ለፊቴ። ሻጩ ልትገዛ ነው ብሎ "እናቴ፣ የመንዝ በግ ነው፤ ለብርድ የሚለበስ ባና ቢያሠሩበት ለልጅ ልጅ ይተርፋል" አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። ሲነግረኝ ሳቅ አመለጠኝ፤ በዚያ ገንዘብ ድሮ በጉን ከነጠጉሩ፣ ከነተጎተተበት ገመድ ይዤ እገባ ነበር። የሺ ክንዴን ያዝ አድርጋ "እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ብርድ ነው፣ እንሂድ" አለችኝ። ሻጩ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ግንባሯም አፍንጫዋም የእኔ ነው፤ እናቷ መሆኔን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። ታዲያ ለምን እናቷን እትዬ እንደምትል ግራ ሳይገባው አልቀረም። ይህን ለማስረዳት ጠጉር ተራ መሐል መቆም አይበቃም። ሩቅ ያስኬዳል፤ እኔም መሄድ አይሰለቸኝምና ልሂድ።

ዘመኑን አትጠይቁኝ። ቀን መያዝ ድሮም አልሆነልኝም። ብቻ ሴቶች ቴትሮን ቀሚስ ለብሰው፣ ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ አድርገው ገበያ የሚወጡበት፣ ሬዲዮ ያለበት ቤት ትልቅ ቤት የሚባልበት፣ ወጣት ልጅ ያላት እናት ደግሞ ውሻ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጥበት ጊዜ ነበር። ባሌ ዘምቶ ያልተመለሰ ወታደር ነው። ከእሱ የቀረችኝ አንዲቷ ልጅ የሺ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት ታናሽ ወንድሜ ሮጦ መጣና ደብቂኝ አለኝ። እህት ምን ትላለች? ገብስ ያለቀበት ጎታ ውስጥ አስገባሁት። አራት ቀን ተቀመጠ፤ በአምስተኛው ቀን እሱ አመለጠ፣ እኔ ተያዝኩ። ልጄን ከጀርባዬ ፈትቼ ለዋርሳዬ፣ ለባሌ እህት ለዘነብ ሰጠኋት። "እስከ ነገ ያዥልኝ" ነበር ያልኳት። ያ ነገ ስድስት ዓመት ሆነ።

ደብረ ብርሃን ወህኒ ቤት እኛን ሴቶቹን ጠጉር ያስፈትሉን ነበር። ጭቃና አሜከላ እንደያዘ ይመጣል፤ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናፍታታለን፣ ከዚያ እንዝርት ነው። አጠገቤ አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ በከሰል፣ ግድግዳ ላይ። የተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ይህን የምጽፍላችሁ በዚያ በግድግዳው ፊደል ነውና ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ስንፈትል እናንጎራጉራለን፤ ሁሉም የየራሷ ነበራት። የእኔ ይቺ ነበረች፤

እንዝርቴ ስትዞር እኔ ግን ታስሬ፣
ሂጂና ንገሪ አለች በይ ለፍሬ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጠራ ነው። ግድግዳ ይዘን እንቆማለን፤ ቆጣሪው እየነካካ ያልፋል፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ "ሙሉ ነው" ሲል ቁጭ እንላለን። ሙሉ ነው ሳይባል መቀመጥ የለም። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ሲደረግ ውሎ ሲያድር ከአጥንት ይገባል።

ስንቅ የምታመላልስልኝ ዘነብ ነበረች። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ያኔ በጭነት መኪና ነው፣ እህል ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ፤ ሹፌሩ ደግ ከሆነ በሽልንግ፣ ክፉ ከሆነ በብር። መኪና ስታጣ በእግሯ ትመጣለች። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንዳንዴም በኮባ የተጠቀለለች ቅቤ ይዛ። ዘነብ ልጅ አልወለደችም፤ ሁለት ባል አግብታ ሁለቱንም ፈትታ ነው ከእኛ ጎጆ አጠገብ ጎጆ የቀለሰችው። ምላሷ ምላጭ ነበር። ስንቅ ፈታሹን "በሶዬ ውስጥ እጅህን ስትከት ታጥበሃል?" ብላው ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመዋታል። መጀመሪያ መጀመሪያ የሺን አዝላ እያመጣች ከሽቦው ማዶ ታሳየኝ ነበር። በኋላ ልጅ ማምጣትም፣ ሽቦው ድረስ መቅረብም ተከለከለ።

ሁለተኛውን ዓመት ሳጋምስ ይመስለኛል አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ስያዝ የለበስኩት ቴትሮን ቀሚስ ነበረኝ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ባሌ ከመዝመቱ በፊት ከአንድ ዓረብ ሱቅ የገዛልኝ። ሱቁ ከገበያው መግቢያ ማዕዘኑ ላይ ነበር፤ ቀሚሶቹ በሩ ላይ ተሰቅለው ነፋስ ሲያወዛውዛቸው እስክስታ የሚመቱ ሴቶች ይመስሉ ነበር። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የስልክ ቀፎ ይሸጣል። ወህኒ ቤት ይህ ቀሚስ ምን ያደርግልኛል? ለልጄ ይቆረጥላት፣ ለጥምቀት ትልበሰው አልኩ። አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ስንቅ ለሚቀበለው ዘበኛ ሰጠሁት። ዘነብ ስትመጣ ስጥልኝ፣ ለልጄ እንዲሰፋ ነው በላት፣ አደራ፣ አልኩት። እሱ ረስቶ ይሁን፣ ተራው አልፎ ሌላ ሰው ቆሞ ይሁን፣ ልብሱ ደረሰ፤ ቃሉ አልደረሰም።

የዚያ ዘመን ሰው ይህን ሲያነብ ደረቱን ይይዛል። ለማያውቀው ልንገረው። ያኔ እገሌ ሞተ ብሎ የሚነግር አልነበረም። ስንቅ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ስንቁን መልሰው የታጠፈ ልብስ ያስታቅፉሻል። መርዶው እሱ ነው። ያን ዕለት ደግሞ በምን ምክንያት እንደሆነ እንጃ ስንቅ አይገባም ተብሎ ስለነበር፣ ለዘነብ በሶዋንም መለሱላት፣ ቀሚሴንም ሰጧት። ታቅፋው እስከ አንኮበር በእግሯ እያለቀሰች ሄደች። ለምን አልጠየቀችም እንዳትሉ፤ ያኔ የጠየቀ ይጠየቃል። በወሩ እኛን መኪና ላይ ጭነው ወደ ሌላ ሩቅ ወህኒ ቤት አዛወሩን። ስንቅ የሚያመጣልኝ ጠፋ። እነሱ ሞተች ብለው ሲያለቅሱልኝ፣ እኔ ረሱኝ ብዬ አለቅስባቸው ነበር። እናት ለልጇ ቀሚስ ላከች፤ በዚያው ሞተች። አሁን ሲወራ ቀልድ ይመስላል።

ስፈታ ጥቅምት ነበር። ጎረቤላ ከመኪና ወርጄ ሽቅብ ስወጣ ጉም የሚባል የለም፤ የአፋር በረሃ እስከ ጥጉ ተዘርግቶ ይታያል። መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች አገኘሁና ሰላም ስላቸው አማትበው ወደ ገደሉ ጠርዝ ሸሹ። እብድ መስያቸው ነው ብዬ አለፍኩ። ዘነብ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፤ አልሮጠችም። በእጇ የያዘችውን ገብስ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣

"አስካለ፣ ምን ጎድሎሽ መጣሽ?" አለችኝ። "ሁለት በግ አርደናል። ፍትሐትሽ ተፈትቷል። ጠላው እስከ ማግስቱ ተርፏል።"

ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጣ አንዲት መለሎ ልጅ ብቅ አለች። ግንባሯ የእኔ ነበር። ልጅቷ ወደ ዘነብ አንጋጣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤

"እማዬ፣ የሞተችዋ ናት?"

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። ውሃ ረጩብኝ፤ እጄን ዳሰሱ፤ ሥጋ መሆኔ ሲረጋገጥ ዘነብ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እሪ አለች። ጎረቤት ሞላ። የነፍስ አባቴ መምሬ ወልዴ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ፤ አገላብጠው አዩኝና "ልጄ፣ ሌላው ሞቶ ነው የሚወጣለት፤ አንቺ ቀድመሽ ገላገልሽን። የቁም ተዝካር ነው በይው፤ በአምላክ ዘንድ የበሰበሰ እህል የለም" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔ ግን የሺ ላይ ነበር፤ እሷ ዓይኗን ከእግሬ አትነቅልም፤ የሞተ ሰው እግሩ መሬት አይነካም ብለዋት ኖሯል።

ቀስ በቀስ የሆነውን ነገሩኝ። ተዝካሬ በወጣ ሰሞን ልጅቷን ፀጉሯን ላጭተዋት ነበር። ከዚያ ታመመች፤ አልበላም አለች፤ ስትባንን እኔን ትጠራ ጀመር። እናት የሌላት ሆና እንዳትቀር ብለው ሽማግሌና ካህን ባሉበት ዘነብ ደረቷን ገልጣ፣ ጡቷን ማር ቀብታ የሺን አጠባቻት። ይህ በእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። ጡት የተጣባ እናትና ልጅ ነው፤ ይወራረሳል፣ ይቀባበራል፣ በሰማይም ይጠያየቃል። ወተት ያልወጣው ጡት በማሩ ምስክርነት እናት ይሆናል። እንግዲህ እኔ ስደርስ የሺ እናት ነበራት፤ ካህን የመሰከረላት፣ አገር የሚያውቃት። እኔ ተዝካሯ የተበላ ሴት ነበርኩ።

ጎጆዬ ፈርሷል፤ ማሳውን ሌላ ሰው ያርሰዋል። ዘነብ ቤት ጥግ ተሰጠኝ። "የሞተችዋ አይባልም፣ እትዬ በያት" ብላ ልጅቷን ያስተማረቻት ዘነብ ናት። ክፉ አስባ አይደለም፤ እማዬ የሚለው ስም ተይዟል፣ ምን ታድርግ? እኔ እንደሆነ ነጻ ወጣሁ ብልም ነጻ አልሆንኩም። በር ሲዘጋ ትንፋሼ ያጥራል። እሸት ልቁረጥ፣ ሜዳ ልውጣ፣ ሁሉን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ዘነብ "ምን አገባኝ፣ ሂጂ እንጂ" ትለኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሥራዬን ጥዬ ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ሳላውቀው ነው። አንድ ቀን የሺ ከሩቅ ስታየኝ ቆየችና ጠጋ አለች።

"ማንን ነው የምትጠብቂው?"

"ቆጣሪውን።"

"ምን ሊቆጥር?"

"ሰው። ይቆጥርና ሙሉ ነው ይላል፤ ከዚያ እንቀመጣለን።"

አሰበች። ከዚያ በአንድ ጣቷ ሆዴን ነካ አድርጋ "አንድ" አለች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፤ ሌላ ሰው የለም። "ሙሉ ነው፤ ተቀመጪ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ከጨዋታዋ ሮጣ እየመጣች ትቆጥረኝ ነበር። ሣር ስታጭድ ከዋለች ማጭዷን እንደያዘች ትመጣለች፤ ቆጣሪ መሳሪያ ይዞ ነው የሚመጣ ብዬ አሳቅኳት። ዘነብ ከበሩ ሆና "ቆጣሪም ተቆጣሪም፣ እራት ቀርቧል" ትለናለች። ያቺ ጣት ስትነካኝ የሚሰማኝን አልናገረውም።

ያቺ ጣት አሳሳተችኝ። ልጄ ተመለሰችልኝ አልኩ። የራሴ ቤት ይኑረኝ፣ ልጄን እኔው ላሳድጋት፣ እናቴ ትበለኝ የሚል ነገር እንደ ጥርስ ሕመም አላስተኛኝ አለ። ደብረ ብርሃን ለሸማኔዎች ጠጉር እየፈተሉ መኖር እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ሙያው አለኝ። ዘነብን ስነግራት ዝም አለች። ዘነብ ዝም ማለቷ ከስድቧ ይከፋል። ሽማግሌ ጠራሁ። ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። አንደኛው ማር አይካድም ይላል፤ ሌላው ማህፀን አይካድም ይላል። እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ ሞታለች ተብሎ የተወሰደብኝን ይመልሱልኝ እንጂ ሰው በሕይወት እያለ ልጁ ይወረሳል ወይ አልኩ። ዘነብ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤

"እኔ ሰርቄ አላሳደግኳትም። ለአንቺ እያለቀስኩ ነው ያሳደግኳት።"

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ከገና እስከ ፋሲካ ከእኔ ጋር ትቆይ፣ ፋሲካ ሲደርስ ልጅቷ ራሷ ትናገር ብለው ፈረዱ።

ደብረ ብርሃን በጥር ወር ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አልነግርም። ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ጨው የነሰነሱበት ያስመስለዋል። ከጠጉር ተራው ጀርባ አንዲት ክፍል በወር ሦስት ብር ተከራየሁ፤ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት ግድግዳ። ከጎረቤት የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል፤ የሺ ዘፈኑን በሁለት ቀን ያዘችው። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን በሩን መዝጋት አልቻልኩም። "እትዬ፣ ዝጊው፣ በረደኝ" ትለኛለች። ትንሽ ቆዪ እላታለሁ። ያለኝን ባና በሙሉ እደራርብላታለሁ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። ንጋት ላይ ደግሞ እግሬ ይነሳብኛል። እሷ እንደተኛች ወጥቼ እስከ በሬሳ ወንዝ እሄዳለሁ፣ ገበያውን እዞራለሁ፣ ማንም ቁሚ ሳይለኝ መሄድ ጠላ ሆኖ ያሰክረኛል። ፀሐይ ሞቅ ሲል እመለሳለሁ። ነቅታ ባና ተጠቅልላ በሩን እያየች አገኛታለሁ። ቁርሷን እሰጣታለሁ፤ ትበላለች። ምን ጎደለ?

ጾሙ ሳይጋመስ አንድ ጠዋት ስመለስ የለችም። ክፍሏ ክፍት ነው፤ ባናው የለም። ግቢውን፣ ገበያውን፣ ወንዙን ዳር ለዳር ሮጥኩ። እንጨት ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች አንዲት ልጅ ባና ለብሳ በአንኮበር መንገድ ስትሄድ አየናት አሉኝ። ኮንጎዬ ከእግሬ ወልቆ ቀረ፤ አልመለስኩለትም። ከከተማው ወጥቼ ብዙ ከሄድኩ በኋላ፣ መንገድ ዳር ከቆመ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯን ታወዛውዛለች። አየችኝ። አልተነሳችም።

"ወደ እማዬ ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

ዝም አለች። እግሯን እያየች ዝም። ዝምታዋን አዎ ብዬ ወሰድኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጠረግኩ። ሰው ሳይወድ ተይዞ መኖር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ለልጄ ወህኒ ቤት አልሆንባትም አልኩ በልቤ። "ነይ እንግዲህ" አልኳት። እጇን ይዤ ፊቴን ወደ አንኮበር አዞርኩ። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን ድንች በጫነ መኪና ሄድን። ዘነብ ስታየን ውሃ አሞቀች፤ የልጅቷን እግር አጠበች። ቀጥላ የእኔን ባዶ እግር ጎትታ አጠበች።

ፋሲካ ሲደርስ ሽማግሌ የጠራ የለም። እኔ መንገደኛ ሆኜ ቀረሁ። ሳምንቱን ደብረ ብርሃን እፈትላለሁ፤ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንኮበር እወጣለሁ። ባና ተሸክሜ ለሚ ገበያ ሄጃለሁ፤ አንዴ አረርቲ ድረስ ወርጄ ዘነብ "ቆላ ላይ ባና ማን ሊገዛሽ?" ብላ ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ኖረች። በሽንብራ ለውጬ መጥቻለሁ አልኳት፤ አላመነችኝም። የሺ አደገች፣ ተማረች፣ ደብረ ብርሃን አገባች፣ ወለደች። ሠርጓ ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ጉልበት ስትስም መጀመሪያ የዘነብን ሳመች። ትክክል ነው። እኔም ሳረጅ ከዘነብ ጋር ገባሁ፤ ሁለት አሮጊቶች እየተነታረክን ኖርን። ያን የመንገዱን ታሪክ ግን ለሰው ማውራት እወድ ነበር። በሰሎሞን ፊት ሕፃኑ ለሁለት ከሚቆረጥ ለእሷ ይሰጥ ያለችውን እናት ታውቃላችሁ አይደል? እኔ ያቺ ነኝ እል ነበር። ሰውም አንቺስ እውነተኛ እናት ነሽ ይለኝ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ተጽናናሁ።

ዘነብ ባለፈው ሚያዝያ አረፈች። ተዝካሯ በደንብ ወጣ፤ ካህናቱም ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ እኔና የሺ ብቻችንን ከጎረቤት የተዋስነውን ኩባያ ስናጥብ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፤

"እትዬ፣ ያን ዕለት ለምን መለስሽኝ?"

"የቱን ዕለት?"

"ድንጋዩ ላይ ስታገኚኝ።"

"አንቺ ስለፈለግሽ ነዋ፣ ልጄ። ወደ እናትሽ እየሄድሽ…"

"እየሄድኩ አልነበረም" አለች። "ጠዋት ጠዋት ጥለሽኝ ትወጪ ነበር። አንድ ቀን እኔም ልውጣና ትፈልገኝ እንደሆነ ልይ አልኩ። ከድንጋዩ አላለፍኩም፤ እንድትደርሺብኝ ተቀመጥኩ። ደረስሽ። ደስ አለኝ። ከዚያ እጄን ይዘሽ ወደ ወዲያ ዞርሽ።"

ኩባያው እጄ ላይ ቀረ። ያኔ ለምን አልተናገርሽም ልላት አፌን ከፈትኩና ስምንት ዓመቷ እንደነበር ትዝ አለኝ። የሰሎሞኗ እናት ከላዬ ላይ ተገፈፈች፤ ራቁቴን ቀረሁ። ዋሽቶ መኖር ይቻላል፤ ለእሷ ግን ከዚያ በኋላ መዋሸት አልተቻለኝም። እውነቱን ነገርኳት። ያን ቀን አንኮበር ስንቃረብ ደረቴ ቀሎኝ ነበር። ሳለቅስ ከልቤ ነው፤ ቀሎኝም ነበር። ልጅ ማሳደግ ማለት ማታ በር መዝጋት፣ ጠዋት እዚያው መገኘት ነው። እኔ ሁለቱንም አልችልም ነበር። ለአንቺ አዝኜ ነው ስል ኖርኩ፤ ፈርቼም ነው፣ አልኳት።

የሺ አላለቀሰችም። የቀሩትን ኩባያዎች አጠበች፣ ደፋች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" አለችኝ።

"እግሬ አያርፍም፣ የሺ። አንቺ ቤት ደግሞ የብረት በር አለው።"

"ሂጂ፤ ማን ከለከለሽ? እከተልሻለሁ። ስደርስብሽ ግን ወደ አንኮበር አልመልስሽም፤ ወደ ቤቴ ነው የምወስድሽ።"

ይኸው እሷ ቤት አራተኛ ሳምንቴ ነው። ባሏ ሌባ ይገባል እያለ ቢያጉረመርምም የብረቱ በር ከንጋት ጀምሮ ቁልፍ የለውም። ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዬ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ የሺ ትከተለኛለች። ዞር ስል "ዳቦ ልገዛ ነው" ትላለች። ዳቦ ቤቱ በሌላ በኩል ነው። ልቤ አሁንም አላረፈም፤ ያኔ ድንጋዩ ላይ ወደ ተቀመጠችው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ እኔ ነኝ የማውቀው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት በብርድ አሮጊት ስትከተል ሳይም አፍራለሁ፤ ሳላያት ደግሞ እፈራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ስሄድ ስሄድ ከመናኸሪያው ደረስኩ። ዞር ስል የሺ የለችም። ሌሊቱን ልጇ ታሞባት ስትነሳ ስትቀመጥ አድራ ነበር፤ እንቅልፍ ወስዷታል ማለት ነው። የሚኒባሱ ረዳት "ጎረቤላ፣ አንኮበር! አንድ ሰው! እማማ ይግቡ፣ የጎደለን እርስዎ ብቻ ነዎት" ይለኛል። ብሩም በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሯል። ቆምኩ። ረዳቱ በሩን ይዞ ጠበቀኝ። አንኮበር ማንም የለኝም፤ እግሬ ይህን ያውቃል አያውቅም ብዬ ጠበቅኩት። ከዚያ ዞርኩ።

ግቢው ጋ ስደርስ የሺ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ፣ ፀጉሯ እንደተበተነ ልትወጣ ስትጣደፍ አገኘኋት። ስታየኝ በሩን ተደግፋ ቆመች።

"አትድከሚ" አልኳት። "ራሴ መጥቻለሁ።"